ልጄን ውቅያኖስ ዳር የወሰዳት ቴሌቪዥን

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይሆናል። ተማሪ ይሆናል፣ ባል ይሆናል፣ አባት ይሆናል፤ ዕድል ከቀናው ደግሞ ዲቪ ደርሶት ቴክሳስ ይገባና ሻንጣ ጫኝ ይሆናል። እኔ ሁሉንም ሆኛለሁ። ገበያ መሆኔን ግን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ገበያ ሄጄ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ ተታልዬም አውቃለሁ። ራሴ ገበያ እሆናለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ዳላስ አቅራቢያ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ ነው። የምሠራውም እዚያው ነው፤ የሰው ሻንጣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እከታለሁ። ሶልያና የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ዳላስ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ ትጫወታለች። እግር ኳስ ስል የእኛን ማለቴ ነው። እዚህ አገር «ፉትቦል» የሚሉት ሌላው፣ ሄልሜት አጥልቀው በእጅ ይዘውት የሚሮጡት ጉድ ነው። አገሩን የሚያዘው ግን እሱ ነው።

በፊት ሊጉ የጎረቤት ሊግ ነበር። ራቀ ቢባል ኦክላሆማ ነው። ከሥራ ስወጣ ያንን የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያዬን እንኳ ሳላወልቅ መኪናዬን አስነሳለሁ። ባለቤቴ ጽጌ የቋጠረችውን ምግብ አቅፋ «ኧረ ቀስ በል» እያለች፣ ጨዋታው ሳይጀመር እንደርሳለን። ልጄ ኳስ በነካች ቁጥር ሜዳው ዳር ቆሜ በአማርኛ እጮሃለሁ። አማርኛ የማይገባቸው ወላጆች ሁሉ የምለው ይገባቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ሊግ ቀየረ ተባለ። ወዴት ገባ? አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ! ካርታ አውጥቼ አየሁ። ዳላስ አጠገብ ያለው ውሃ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁም ሰው የሠራው ነው። ግራ ቢገባኝ ልጄን ጠየቅኋት። «ባባ፣ የቲቪ ማርኬት ነገር ነው» አለችኝ። ሊጎቹ ጨዋታቸውን ለቴሌቪዥን ይሸጣሉ አለች። ቴሌቪዥኖቹ ደግሞ የሚከፍሉት ሊጉ በገባበት ከተማ ምን ያህል ባለ ቴሌቪዥን ቤት እንዳለ አይተው ነው። ዳላስና ፎርትዎርዝ አንድ ላይ ሲታዩ ከአገሩ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ናቸው። ሊጉን ያማረው ቡድኑ ሳይሆን ከተማው ነው። «ሶ፣ የፈለጉት እኔን ነው?» አልኳት። «የስ ባባ፣ አንተን ነው» አለች፤ ስትናገር የኮራችብኝ ሁሉ መሰለኝ።

እስቲ ይህን የተፈለገ ቴሌቪዥን ላስተዋውቃችሁ። ጠዋት ስብከት ነው። ከሰዓት መዝሙር ነው። ጽጌ ከሥራ ስትገባ የአማርኛ ድራማ ነው። ካሮልተን ያለው ወንድሜ ቤትም ያው ነው። ዋይሊ ከተማ አዲስ ቤት የገዛው ጓደኛዬ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ሰቅሏል፤ ባልና ሚስት በፈረቃ ስለሚሠሩ የሚያየው ሰው ግን የለም። ከእኛ መሃል ያንን ሄልሜት ያጠለቀ ነገር አንድ ቀን ተቀምጦ ያየ ሰው የለም። ታዲያ ማን ጠየቀን? ለካስ ማየት አያስፈልግም፤ እዚህ መኖራችን ብቻ በቂያቸው ነው።

እንግዲህ ከረባት ያሰሩ የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ልጆቻችን የክፍል ትምህርት እያላቸው ከአንዱ ውቅያኖስ ዳር እስከ ሌላው ይንከራተቱ ብለው ፈረሙ። ከአንዱ እስከ ሌላው ያልኩት ሳላጋንን ነው፤ በዚህ ሊግ ፓስፊክ ዳር ያለችው ካሊፎርኒያም አትላንቲክ ዳር ናት። ለምን? እሷም ብዙ ቴሌቪዥን አላታ! ሄልሜት አጥላቂዎቹ በተከራዩላቸው አውሮፕላን ይሄዳሉ። የእኔ ልጅና ጓደኞቿ ደግሞ መማሪያ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ከሕዝብ ጋር ይሰለፋሉ። ይህን የምጽፈው እየሳቅኩ እንዳይመስላችሁ፤ አንጀቴ አሮ ነው።

ዘንድሮ ልጄ ትመረቃለች። የመጨረሻ ጨዋታዋ የት ወደቀ? ካሊፎርኒያ። በሜዳዋ ስትጫወት አይቻታለሁ፤ ይህቺን የመጨረሻዋን ሳላይ መቅረት ግን አልሆነልኝም። ለሻንጣ ጫኝ አንድ ጥቅም አለችው፤ ክፍት ወንበር ካለ በነጻ ይበራል። ከፋዩ መንገደኛ ሁሉ ተቀምጦ የተረፈ ካለ ማለት ነው። ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ፤ ሠርግ የምሄድበትን ሸሚዝ ለበስኩ። ለልጄ ትንፍሽ አላልኩም። ሜዳው ዳር ቆሜ በአማርኛ ስጮህ ድንገት እንድትሰማኝ ነበር ሐሳቤ።

የመሳፈሪያው በር ላይ የምትሠራው ሰናይት የአገሬ ልጅ ናት። «ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬስ ይቀናዎታል» አለችኝ። እውነትም ቀናኝ፤ ከኋላ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከሁለት ሰው መሃል አንድ ወንበር ተገኘልኝ። ቀበቶዬን አስሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሰናይት ከፊቴ ቆማለች። «ጋሽ ታደሰ፣ በጣም ሶሪ፤ የጠዋቱ በረራ ካንስል ሆኖ ተማሪዎች ወደዚህ በረራ ሪቡክ ተደረጉ፤ ወንበሩን ይልቀቁልኝ» አለችኝ። ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መተላለፊያው ብወጣ፣ የቡድኑን ቱታ ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ወደ እኔ ወንበር የምትመጣው ማን ናት? ሶልያና!

«ባባ! ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለች። «ወንበርሽን እያሞቅሁልሽ ነው» አልኳት። ሸሚዜን አየች፤ ገባት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ አንተ ሂድልኝ፣ እኔ እቀራለሁ አለች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው መነጫነጭ ጀመረ። እኔ ራሴ አስቀመጥኳት፤ እንደ ልጅነቷ ቀበቶዋንም አሰርኩላት። ስወርድ «በቲቪ እየኝ፣ ኦኬ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቤት ገብቼ ሪሞቱን ጨበጥኩ። ሊጉን የገዛው ጣቢያ ላይ አራት ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ነገ ስለሚደረግ የፉትቦል ግጥሚያ ያወራሉ። የሴቶቹ ጨዋታ በስልክ አፕ ነው ተባለ። አፑን ብከፍተው የከፈላችሁት ፓኬጅ ይህን ጨዋታ አይጨምርም አለኝ። ጽጌም በስልኳ ሞከረች፤ አንዲት ክብ ነገር ዝም ብላ ትዞራለች። ጨዋታው እንዲሁ አለቀ።

ወዲያው ልጄ ደወለች። «ባባ፣ አየኸኝ?» አለች። እዚያ አውሮፕላን ላይ እንደዚያ አልቅሳ፣ አላየሁሽም ይባላል? «አየሁሽ እንጂ!» አልኩ ከፍ ባለ ድምፅ፤ «አንደኛ ነበርሽ! በግራ በኩል አምልጠሻቸው ስትሄጂማ እናትሽ ተነስታ እልል አለች!» ጽጌ አፏን ይዛ ታየኛለች።

ከዚያ ልጄ ቀስ ብላ «ባባ፣ እኔ እኮ ሜዳ አልገባሁም» አለችኝ። ዘግይተው የደረሱት ደክሟቸዋል ብሎ ኮቹ ጨዋታው እስኪያልቅ ቤንች ላይ አስቀምጧቸው ነበር። እኔ ወንበሬን የለቀቅኩላት፣ ካሊፎርኒያ ድረስ በርራ ሌላ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ኖሯል።