አሥራ ስምንቱ ሹክሹክታዎች

ስልኬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውቀዋለሁ የሚል ሰው፣ ወይ ውሸታም ነው ወይ ስልክ የለውም! እኔም አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ስልኬ «ሞልቻለሁ» ብሎ ፎቶ አላነሳም አለኝ። ምን በልቶ ጠገበ ብዬ ሆዱን ስፈትሽ… አሥራ ስምንት የድምፅ ቅጂ! ስም የላቸውም፤ እኔም አልቀዳኋቸውም።

አንዱን ከፈትኩ። ሹክሹክታ። ከዚያ ረጅም «እህህ…»። ከዚያ ዶሮ። ሌላውን ከፈትኩ፤ ያው ሹክሹክታ፣ ያችው ዶሮ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ መጀመሪያ ጋኔን ነው አልኩ። ቀጥሎ ሰላይ ነው አልኩ፤ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ የሚሰልለኝ ካለማ ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ትንሽ ተኮፈስኩ።

ስልክ ጠጋኙ ከድር ዘንድ ሮጥኩ። አዳመጠና ቫይረስ ነው፣ አጥፊው አለኝ። ቫይረስ ዶሮ ያረባል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ቢሆንም እኔ መቼ ታግሼ አውቃለሁ! እየሄድኩ አሥራ ሰባቱን ጠራርጌ አንዱን ለማስረጃ አስቀረሁ።

ቤት ገብቼ በማዳመጫ ብሰማው… የእናቴ ድምፅ!

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለካ የንስሐ አባቷ እስኪመጡ ኃጢአቷን እንዳትረሳ፣ ስብከት እንድትቀዳበት ባሳየኋት መንገድ ጓዳ እየገባች ለስልኬ ትናዘዝ ኖሯል! አባ የሚመጡት ደግሞ በማግስቱ ነው፤ ለሚመጣው በዓል ልትቆርብ አስባለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አጣሁ።

ስነግራት መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«የሁለት ወር ኃጢአቴን አጠፋሽው?»

«አንዱ አለ፣ እማዬ።»

«የትኛው?»

ከፈትኩላት። «ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ከይፋግ ለመጡት ሽማግሌዎች፣ ጭምት ናት፣ ቃል ከአፏ አይወጣም ብዬ ዋሸሁ…» ይላል። ዶሮዋ እንኳን እዚህ ላይ ጮኸች።

ጭምት ልሁን ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ለጥቂት ጊዜ ነው።

ያን ቀን እናቴ እህል አልቀመሰችም፤ በጎደሎ ኑዛዜ ቁርባን እንዳትከለከል ፈርታ። በማግስቱ አባ አናዘዟት። እንደሄዱ ተንደርድሬ ጠየቅኋት። የጠፉትን «በማወቅ ባለማወቅ የሠራሁትን» በሚለው ኑዛዜ ውስጥ አስገብተውላታል፤ ቁርባኑም ተፈቅዷል።

«ስለ እኔ የዋሸሽውስ?» አልኳት።

«ልጅሽ እንዳልሽው ጭምት እስክትሆን በየቀኑ አርባ ስገጂ አሉኝ።»

ምስኪን እናቴ… ጉልበቷን ያማታል። እኔ ደግሞ ይኸው፣ ሁሉንም ለእናንተ ተናግሬ ጨረስኩ።