ለቀዝቃዛ ባሕር የሚሆን ሰሌዳ

ሰው በብዙ ነገር ይታለላል፤ በገዛ እውቀቱ እንደሚታለለው ግን በምንም አይታለልም። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል። የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ሚስቱ አጠገቡ ከቆመች፣ መጠየቅን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ወንዶች አትቀየሙኝ፤ ባሌን አይቼ ነው።

ባሌ ተክሌ በወጣትነቱ ምጽዋ መርከበኛ ነበር። እዚያ ሳለ የልብ ጓደኛውን ዓይኑ እያየ ባሕር ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ተክሌ እግሩን እንኳ ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ አያውቅም። ይህን የነገረኝ ልንጋባ ስንል ነው፤ ያውም ባጭሩ። የሟቹን ስም አልጠራልኝም፤ እኔም ቁስል መነካካት መስሎኝ አልጠየቅሁም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሲያትል ገብተን ቢከን ሂል የሚባል ዳገታማ ሰፈር ስንኖር እንኳ፣ ከዳገቱ ላይ ውሃው ሲታይ ፊቱን ያዞር ነበር።

አንድ የበጋ ቅዳሜ ግን ቁርሱን በልቶ ሲያበቃ፣ «እልፍነሽ፣ ባሕር ልገባ ነው» አለኝ።

«ምን ነካህ?»

«ባሕርን እንደፈራሁ መሞት አልፈልግም።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ልለው ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ቦዲቦርድ የሚባል ነገር አለ፤ በደረታችሁ ተኝታችሁበት ማዕበል ወደ ዳር የሚገፋችሁ አጭር ሰሌዳ። መሸጫው ሄድን። ሻጩ «የምትገባበት ውሃ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ተክሌ «ባሕር አውቃለሁ» ብሎ ዘጋው። ሰሌዳዎቹን በጉልበቱ እየገፋ ሞከረና አልታጠፍ ያለውን መረጠ።

የሚያውቀው ባሕር ግን ለብ ያለው ቀይ ባሕር ነው። የዚህኛው ውቅያኖስ በሐምሌም አጥንት ይሰረስራል። ዳርቻው ስንደርስ ዌትሱት የሚባለውን ብርድ መከላከያ የጎማ ልብስ ለብሶ ወገቡ ድረስ ገባና ሰሌዳው ላይ ተኛ። ማዕበሉ መጣ። ሰሌዳው ለካ በብርዱ የበር ሳንቃ ሆኗል፤ የፊት ጫፉ ውሃው ውስጥ ተሰካና ተክሌ ተገልብጦ ጠፋ። ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ሰሌዳውን መኪናው ውስጥ ወርውሮ ወደ ቤት ነዳ። አበቃ ብዬ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሰሌዳውን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል።

«ነይ፣ ልንጠይቅ ነው።»

ልንጠይቅ። ከባሌ አፍ።

ሻጩ አስረዳን። የሰሌዳው ሆድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን እና ፖሊኢቲሊን፤ የመንታ ስም ይመስላል። የመጀመሪያው ደረቅ ነው፤ ሙቅ ውሃ ለዘብ ያደርገዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ያገትረዋል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደ ራሰ ካርቶን ይልፈሰፈሳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጠንከር ያደርገዋል፤ መታጠፉን ሳይነሳው።

«ሶ፣ ለዚህ አገር ለስላሳው ነው» አለ ተክሌ። ሻጩም ቀየረለት።

ቅዳሜ ነፋስ ነበር። «ዛሬ እንኳ ይቅር» አልኩት።

«ዛሬ ካልገባሁ መቼም አልገባም» ብሎኝ ከዳርቻው ወደ ውሃው ገባ።

የመጀመሪያው ማዕበል ጥሎት አለፈ። ሁለተኛው ደፋው። ተነሳ። የሚቀጥለው ሲመጣ ሰሌዳው ከማዕበሉ ጋር ጎበጥ፣ ቀና እያለ ተክሌን በሆዱ እያንሸራተተ እግሬ ሥር አመጣው። አሸዋው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይስቃል ስል፣ ለካ ያለቅሳል።

«ሐጎስ» አለኝ። «ስሙ ሐጎስ ነበር።»

መንገዱን ሙሉ ስለ ሐጎስ አወራኝ፤ ድምፅ ሳይኖረው መዝፈን ስለ መውደዱ፣ የሰው ሲጋራ ስለ መንጠቁ፣ ለእናቱ ስለ ገዛላት ነጠላ። መኪናውን ቤታችን በር ላይ ፓርክ ካደረገ በኋላም አልወረድንም። ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ያልተዋወቅሁትን ሰው ያን ቀን ተዋወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ ተክሌን ከባሕር ማስቀረት አልተቻለም። ብቻዬን ዳር ተቀምጬ ጫማ መጠበቁም ሰለቸኝ። እዚያ ዳርቻ ከማዕበሉ በፊት ከዌትሱቷ ጋር የምትታገል ወፈር ያለች ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። እንርዳሽ አትበሉኝ፤ እገባለሁ።