ሽታን እንደ ዶሮ የሚበልቱት ሰውዬ

እናንተ የዱር አበባ ስታሸቱ «እሰይ!» ብላችሁ ታልፉ ይሆናል። የመቱው ቡና ነጋዴ አቶ ጥላሁን ግን እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ጨዋ አይቆጥሩትም። ለእሳቸው ሽታ እንደ ዶሮ ብልት በብልት የሚወጣ ነገር ነው። የሚስታቸውን የአረቄ ማውጫ ወርሰው አበባ ሲቀቅሉ ይውላሉ፤ በውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ቅባት በላባ ያነሱና ካገኙት መንገደኛ አፍንጫ ሥር ይደቅናሉ።

«በዚህች ጠብታ ውስጥ ሎሚ አለ፤ ጽጌረዳ አለ፤ በርበሬም አለ። አንድ የቀረ አለ፤ እሱን ገና አልለየሁትም» ይላሉ። ማን ጠየቃቸው? ማንም!

አንድ የገበያ ቀን፣ የአገሩ ሰው ንብ እንዲገባለት አዲስ ቀፎ የሚያሽበትን አበባ ቀቀሉ። ቅባቱን ያንን የተከበረ ረጅም ጢማቸውን ለቅልቀውት ሁሩሙ ገበያ ብቅ አሉ። ከንብ አርቢዋ ከእትዬ አስካለ ቀፎ ወጥቶ ማደሪያ ሲፈልግ የነበረ የንብ መንጋ ጢማቸው ላይ ሰፈረ።

ገበያው ተበተነ። የገዛ ጥላዬ እንኳ ቀድሞኝ የሮጠ መሰለኝ። እትዬ አስካለ ብቻ ቀፎና መቀስ ይዘው ደረሱ።

«አቶ ጥላሁን፣ ንቡ የእኔ ነው። ጢምዎን ልቁረጠው?»

አፋቸውን ቢከፍቱ ንብ ሊገባ ነው። አቶ ጥላሁን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። እትዬ አስካለም እሺ እንዳሉ ቆጥረው ጢሙን ከነንቡ ከርክመው ቀፎ ውስጥ ከተቱት።

ዘንድሮ አቶ ጥላሁን የእትዬ አስካለን ማር ቀመሱ።

«ሎሚ አለ፤ ጽጌረዳ አለ» አሉ የተላጨ አገጫቸውን እያሻሹ። «አንድ የቀረ አለ፤ እሱን ገና አልለየሁትም።»

እኛ ግን ለይተነዋል።