ጥብጣቡን ተከተል

ዜናውን የሰማሁት በሬዲዮ ቢንጎ መሐል ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የሬዲዮዋ ልጅ ቁጥር ትጠራለች፣ መንደሩ በሙሉ ካርዱ ላይ አቀርቅሯል። እንዳንረበሽ ስልኩን ነቅለነው ነበር። ልጅቷ ቁጥሩን መሐል ላይ ተወችና ጉሮሮዋን ጠርጋ «ዊኒፍሬድ፣ ስልክሽን ሰኪው። ከሆስፒታል ይፈልጉሻል» ብላ ጠራችኝ። ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። ወንድሜን ኤሚልን ታሞ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው ሆስፒታል፣ ከወሰዱት ሳምንት ሆኖት ነበር። እማማ ጣቷን ካርዱ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ለማሸነፍ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የቀራት። ኤሚል ቢሰማ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ቁጥር?» ብሎ ነው።

ቀብሩ ላይ ተናገሪ ቢሉኝ አልቻልኩም። በዚያ ፈንታ ይህን ጻፍኩ። ባለፈው የቅጠል መርገፊያ ከአጎታችን ልጅ ከሬድፈርን ጋር የተነጋገሩት ነው፤ ኤሚል የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰለ በየቤቱ ሲያወራው ኖሯል፣ ሬድፈርንም አንድ ቀን እንኳ «ውሸት ነው» አላለም። መንደራችን፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የክሪዎች መንደር፣ የራሱን የግንባታ ድርጅት አቋቁሞ፣ የራሱን የመሬት መቆፈሪያ እስካቫተር በጀልባ አስመጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ከአዲሱ የውሃ ማጣሪያ እስከ እማማ ቤት ቦይ መቆፈር ነው። መሬቱ በረዶ ከመሆኑ በፊት ካላለቀ ሥራው ለደቡብ ተቋራጭ ይሰጣል፣ እማማም የበረዶውን ወራት እንደ ወትሮው የወንዝ ውሃ በባልዲ ሲቀዳላት ትከርማለች።

(የመንደሩ ጫፍ፣ ጠዋት። እስካቫተሩ እየተንተከተከ ቆሟል። ሬድፈርን ነጭ ሄልሜት አድርጓል፤ አንጸባራቂው ሰደርያ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎታል። ኤሚል የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቧል።)

ኤሚል፦ ለምንድን ነው አንተ ብቻ የምታደርገው?

ሬድፈርን፦ የመጣው ሄልሜት አንድ ነው፣ ተቆጣጣሪውም አንድ ነው። ምኑ ነው ያልገባህ?

ኤሚል፦ ድንጋይ ቢወድቅብኝስ?

ሬድፈርን፦ ከየት ነው የሚወድቀው? እዚህ አገር ተራራ አለ?

ኤሚል፦ ታዲያ አንተ ለምን አደረግኸው?

ሬድፈርን፦ ሰው ከሩቅ አይቶ ማን እንደሚያዝ እንዲያውቅ ነዋ! ከተማ ድረስ ሄጄ የሠለጠንኩት ለጆሮዬ ሙቀት መሰለህ?

ኤሚል፦ ጆሮህንማ አይሸፍነውም። ቀልቷል።

ሬድፈርን፦ ጆሮዬን ተውና መሬቱን እይ።

ኤሚል፦ ግን ምን አሠለጠኑህ?

ሬድፈርን፦ አቅም ግንባታ።

ኤሚል፦ እሱ እንዴት ነው የሚገነባው?

ሬድፈርን፦ ጠዋት ሻይ በብስኩት ይሰጣል። ከዚያ ስለ አቅም ይነገራል። ከዚያ ምሳ። ከምሳ በኋላ የጠዋቱን እንከልሳለን።

ኤሚል፦ ሻዩን?

ሬድፈርን፦ አቅሙን! አንተ ደነዝ።

ኤሚል፦ (ሰደርያውን እያየ) ተገንብቷል። መሠረቱም ሰፊ ነው።

ሬድፈርን፦ ውጣና ሞተሩን አስነሳ! እስከ ማታ አክስቴ ቤት መድረስ አለብን። ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሯል።

ኤሚል፦ ሞተሩ ተነሥቷል። እማማ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆ ቧንቧው ሥር ደቅናለች። ዛሬ ውሃ አይመጣም፣ ቦዩ ነው የሚቆፈረው ብላት «ድንገት ቢመጣስ» አለችኝ።

ሬድፈርን፦ ይመጣላቸዋል! አሁን መመሪያውን ስማ። መሐንዲሱ በበጋ መጥቶ መስመሩን በሮዝ ጥብጣብ አስሮልናል። ያንተ ሥራ ቀላል ነው፤ ጥብጣቡን ተከተል።

ኤሚል፦ ሮዙን?

ሬድፈርን፦ ሮዙን።

ኤሚል፦ ሬድፈርን፣ ያ ጥብጣብ እኮ...

ሬድፈርን፦ መመሪያ አይቋረጥም! ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የተማርነው እሱን ነው።

(ኤሚል ትከሻውን ነቅንቆ ይወጣል። ይቆፍራሉ። ቦዩ ሜዳውን ትቶ ወደ ጫካው ይገባል።)

ኤሚል፦ (ከላይ ሆኖ) ወደ ግራ ታጠፈ!

ሬድፈርን፦ ታጠፍ!

ኤሚል፦ እማማ ቤት በቀኝ ነው።

ሬድፈርን፦ የእናትህ ቤት የት እንደሆነ ልትነግረኝ ነው? ውሃ ቀጥ ብሎ ከሮጠ ይፈጥናል። ፈጥኖ ሲደርስ ቧንቧውን በጥሶ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መታጠፊያ ይሰጡታል፣ እንዲረጋጋ።

ኤሚል፦ እንደ ሰካራም።

ሬድፈርን፦ በለው። አንተ እንዲገባህ ከሆነ፣ እንደ ሰካራም።

(ትንሽ ይቆፍራሉ።)

ኤሚል፦ አሁን ደግሞ ጉቶውን ይዞራል።

ሬድፈርን፦ ግፊት መቀነሻ ነው።

ኤሚል፦ ሁለት ጊዜ ነው የዞረው።

ሬድፈርን፦ ግፊቱ ብዙ ነዋ! ያንን ማጣሪያ አላየኸውም? ቤተ ክርስቲያኑን ያክላል።

ኤሚል፦ ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ።

ሬድፈርን፦ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው። መሬት ጠፍጣፋ ነው?

ኤሚል፦ እዚህ አገር? አዎ።

ሬድፈርን፦ ቆፍር!

(ኤሚል ይወርድና አንዱን ጥብጣብ ጎንበስ ብሎ ያያል።)

ኤሚል፦ ዝቅ ብሎ መታሰሩ አይገርምህም? ቁርጭምጭሚት ላይ ነው እኮ።

ሬድፈርን፦ መሐንዲሱ አጭር ይሆናል።

ኤሚል፦ ረጅም ነው። አይቼዋለሁ።

ሬድፈርን፦ ረጅም ከሆነ ወገቡን ያመዋል።

ኤሚል፦ ወገቡን የሚያመው ሰው ዝቅ ብሎ ያስራል?

ሬድፈርን፦ አንዴ ካጎነበሰ መነሣት አቅቶት ነዋ! የሰው ሕመም ላይ ትቀልዳለህ?

ኤሚል፦ እኔ እኮ ልልህ የፈለግሁት፣ ይኼ ጥብጣብ...

ሬድፈርን፦ ኤሚል፣ ወንድሜ። ደቡቦቹ ተቋራጮች ምን ብለው እንደሚጠብቁን ታውቃለህ? «እነዚህ ክሪዎች እስካቫተሩን ዳክዬ ማደኛ ያደርጉታል» ብለው ነው። ዛሬ ከተሳካልን ትምህርት ቤቱን እኛ እንሠራለን። ክሊኒኩን እኛ እንሠራለን። ድልድዩን እኛ! አንተ ግን ስለ ጥብጣብ ታወራልኛለህ።

ኤሚል፦ እሺ። ዝም አልኩ።

ሬድፈርን፦ ጎሽ።

(ዝም ብሎ ይቆፍራል። ቦዩ ተጠማዞ የመጣበትን አቅጣጫ ይይዛል።)

ኤሚል፦ ዝም እንዳልኩ ነኝ፤ ግን ወደ ማጣሪያው እየተመለስን ነው።

ሬድፈርን፦ (አንድ አፍታ አስቦ) ዝውውር ይባላል። ደምህ ከልብህ ወጥቶ ወደ ልብህ አይመለስም?

ኤሚል፦ ታዲያ እማማ መቼ ትጠጣለች?

ሬድፈርን፦ ሲያልፍ ትቀዳለች!

(ቦዩ አኻያ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። የመጨረሻው ጥብጣብ አጠገብ፣ በሽቦ የተንጠለጠለች ጥንቸል።)

ሬድፈርን፦ ይኼ ምንድን ነው?

ኤሚል፦ ጥንቸል።

ሬድፈርን፦ ጥንቸል መሆኗንማ አያለሁ! በውሃ መስመር ላይ ምን ትሠራለች?

ኤሚል፦ ምንም አትሠራም። ሞታለች።

ሬድፈርን፦ ኤሚል።

ኤሚል፦ አቤት።

ሬድፈርን፦ ይኼን ወጥመድ ማን ነው ያጠመደው?

ኤሚል፦ እኔ። ግን የእኔ አይደለም፣ የሰውየው ነው።

ሬድፈርን፦ የየትኛው ሰውዬ?

ኤሚል፦ የጥብጣቡ። በበጋ መጣ አላልክም? አየሁት እኮ። እኛ የወጥመዳችንን ቦታ እንደምናመለክተው፣ ቀኑን ሙሉ ሮዝ ጥብጣብ ሲያስር ዋለ፤ አንድም ሽቦ አልሰቀለም! ያውም ባዶ ሜዳ ላይ። ጥንቸል ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች፣ ጭልፊት ልታዝናና? ሆዴን በላኝ። ይኼ ምስኪን ወጥመድ የሚያስተምረው አባት አልነበረውም አልኩ።

ሬድፈርን፦ መሐንዲስ ነው!

ኤሚል፦ ቀጭን ነበር።

ሬድፈርን፦ እና ምን አደረግህ? ቶሎ በል።

ኤሚል፦ ጥብጣቦቹን ፈታሁና ጥንቸል በምትሄድበት መንገድ ወስጄ አሰርኩለት። ሽቦውንም ከራሴ ሰጠሁት።

(ሬድፈርን ሄልሜቱን ያወልቃል። ወደ ኋላ፣ ጫካው ውስጥ እባብ መስሎ የተጋደመውን ቦይ ያያል።)

ሬድፈርን፦ ለምን አልነገርከውም?

ኤሚል፦ የሰውን ወጥመድ አቃንተህ ሄደህ ትነግረዋለህ? አባባ እንዲህ ነው ያሳደጉን? ሰው እንዳያፍር ታቃናለታለህ፣ ዝም ትላለህ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ ቀረ። ሥጋ ከሚበላሽ ብዬ ለእማማ ወሰድኩላት።

ሬድፈርን፦ አክስቴ ቤት ስንበላው የከረምነው የጥንቸል ወጥ...

ኤሚል፦ የመሐንዲሱ ነው። አንተማ ድስቱን በቂጣ ጠርገህ ነው የበላኸው።

ሬድፈርን፦ (መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ) አንተ ሰው! ቀኑን ሙሉ የጥንቸል መንገድ ስታስቆፍረኝ እንዴት አትናገርም?

ኤሚል፦ ስጀምር «መመሪያ አይቋረጥም» አልክ። ደግሞም ውሃውን መጀመሪያ ለጥንቸሎቹ ልታስገባ መስሎኝ ነበር። ከእማማ በፊት መሆኑ ደስ ባይለኝም፣ ሥልጠናው ላይ ተማክራችሁበት ይሆናል አልኩ።

ሬድፈርን፦ ሞኝ! አንተ የሞኝ መጨረሻ!

ኤሚል፦ ነኝ። ግን እኔ መስመሩን ያጣመምኩት ጥንቸል ስለጠመመች ነው። አንተ ግን ለእያንዳንዷ መታጠፊያ ምክንያት ነበረህ።

(ቁራ ይጮኻል። ሬድፈርን ተነሥቶ ሄልሜቱን ለኤሚል ይዘረጋል።)

ሬድፈርን፦ እንካ። አድርገው።

ኤሚል፦ አሁን ነው የምትሰጠኝ?

ሬድፈርን፦ የመንደራችን ሹም በዚያ በኩል እየመጣ ነው። ከሩቅ አይቶ ማን እንደሚያዝ ይወቅ።

ኤሚል፦ (ሳይቸኩል ያደርገዋል) ነገ ጠዋት ሜዳውን ቀጥ አድርገን እንቆፍራለን?

ሬድፈርን፦ እንቆፍራለን። ነገ ጠዋት።

(ኤሚል መሬቱን በጫማው ተረከዝ ይመታዋል። በረዶ ሆኖ ጠንክሯል፤ እንደ ደወል ይጮኻል። ሁለቱም ያዳምጣሉ።)

ኤሚል፦ ሬድፈርን።

ሬድፈርን፦ ሰምቻለሁ።

ኤሚል፦ እንግዲያው እኔ የማዝ ከሆነ፣ ባልዲዎቹን አንሣ።

ሬድፈርን፦ እኔ?

ኤሚል፦ መመሪያ አይቋረጥም። እማማ ብርጭቆዋን እንደደቀነች ነው።

(ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሬድፈርን ሁለት ባልዲ ሞልቶ ያቃስታል። ኤሚል ሄልሜቱን አውልቆ ውሃ ይሞላበታል።)

ሬድፈርን፦ እንዴ፣ ምን እያደረግህ ነው? የድርጅቱ ንብረት ነው!

ኤሚል፦ ዛሬ ገና ሥራ መሥራቱ ነው።

ሬድፈርን፦ ለምክር ቤቱ ምን ብዬ ልናገር ነው?

ኤሚል፦ (ውሃው እንዳይፈስበት ቀስ ብሎ እየተራመደ) እውነቱን ነዋ። «ድርጅታችን በመጀመሪያ ቀኑ እማማ ቤት ውሃ አስገባ» በል።

(መጋረጃ።)

ያን ማታ እማማ ከሄልሜቱ ቀድታ ጠጣች፤ «ትንሽ የሬድፈርን ፀጉር ይሸታል» አለች። በማግሥቱ መሬቱ ለእስካቫተሩ እንቢ አለ። ምክር ቤቱ ግን ሥራውን ለደቡቦቹ አልሰጠም፤ በረዶው ሲቀልጥ ኤሚል ይጨርሰው ተባለ። እስከዚያ በየጠዋቱ በበረዶ ሸርተቴ ውሃ ያመላልስላት ነበር።

አሁን ሬድፈርን ያመላልሳል። ያለ ሄልሜት ነው የሚመጣው፣ ብዙም አያወራም። እስካቫተሩን መንዳት እየተማረ ነው፤ ኤሚል ካሳየው ውጭ የሚያሳየው ሰው ግን የለም። የጥንቸሉ ቦይ በበረዶ ተሞልቷል። ሮዞቹን ጥብጣቦች ሰብስቤ መልሼ ሜዳው ላይ አስሬያቸዋለሁ፣ ቀጥ አድርጌ። ከሜዳው እስከ እማማ በር ያለው መሬት ገና አልተቆፈረም።