በአጎቴ ክንድ የተለካችው እንሰት

ሰው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ከሰማ እውነት ይመስለዋል። እንግዲህ ሦስቴ ምያለሁ በሉ፤ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ይጠር! በርግጥ የቀረኝም ብዙ አይደለም።

በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጎጃም የመጡት የሳይንስ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን አንድ ምርምር እንድናቀርብ አዘዙ። በዚያ ከወደቅሁ አባቴ ከትምህርት አስወጥቶ ሌሞ ባለው እርሻችን ገብስ ሊያሳርሰኝ ቆርጧል። እኔና በሬ ደግሞ አንስማማም። ስለዚህ ፍግ እንሰት ያሳድግ እንደሆነ ልመረምር ተነሣሁ። ሌሞ ውስጥ መልሱን የማያውቅ ቢኖር አስተማሪያችን ብቻ ነበሩ።

ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ ተብለናል። ሜትር ከየት ይምጣ? ደግነቱ ክንድ ሞልቷል። የቤታችን ደንብ የታወቀ ነው፤ ጃጁራ ገበያ አቡጀዲ ስንገዛ አጎቴ ኤርጊቾ ይለካል፣ ገመድ ስንሸጥ አክስቴ ትለካለች። የአጎቴ ክንድ፣ ሳላጋንን፣ ከሆሳዕና ብትዘረጋ ዶዮገና ትደርሳለች፤ የአክስቴ ከሹራብ እጅጌዋ ወጥታ አታውቅም።

እንሰቷን ስተክል አጎቴ ለካ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ክንድ። ከአራት ወር በኋላ አጎቴ ገበያ ሄዶ ስለነበር አክስቴ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ አራት ክንድ። እጥፍ!

ክፍል ፊት ቆሜ ይህን ሳበስር አስተማሪያችን በምን እንደለካሁ ጠየቁኝ። በአጎቴና በአክስቴ አልኳቸው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ብለው፣ ሜትራቸውን ይዘው በጋሪ ቤታችን ድረስ መጡ። የሁለቱን ክንድ ሲለኩ፣ ሁለት የአክስቴ አንድ የአጎቴ ሆኖ ተገኘ። እንሰቷ ጣት ታህል እንኳ አላደገችም!

አጎቴ አስተማሪውን፣ ጋሼ፣ ይቺን ክንድ የጃጁራ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል እኮ ብሎ ተቆጣ። አክስቴ ግን ለእኔ ተጨንቃ፣ አራቱ ካነሳቸው ስድስት አድርጋ ልትለካላቸው እንደምትችል ነገረቻቸው።

አስተማሪው ወደኔ ዞረው፣ አጎትህም አክስትህም ቃላቸውን የማይለውጡ ሰዎች ናቸው፤ ግን ያረጋገጥከው የእንሰቷን እድገት ሳይሆን የአጎትህን ርዝመት ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ ፍግም እናየዋለን አሉኝ። ሆኖም ማን በምን እንደለካ አንዱንም ሳልደብቅ በመናገሬ፣ ለሐቀኝነቴ ብለው አሳለፉኝ። ከበሬ ተረፍኩ።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። የደበቅኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብትኖር ይቺ ናት፤ ያኔ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። እንሰቷ ሥር አንዲት እፍኝ ፍግ እንኳ ጥዬ አላውቅም።