ጋሽ ተፈራ የተንበረከኩ ዕለት

ሰው መሬት የሚቆፍረው ወይ ሊዘራ ነው ወይ ሊቀብር ነው። ቧንቧ ጠጋኙ እንኳ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ መንገድ ዘግቶ፣ አገር እያየው ነው የሚቆፍረው። እንግዲህ አንድ የተከበሩ ሀበሻ ሰውዬ በጠዋት ፓርክ ውስጥ ተንበርክከው፣ ግራ ቀኝ እያዩ ሳር ሲቆፍሩ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ደግ ደጉን ነው የማስበው የምትሉ ካላችሁ ቤታችሁ መስኮት የለውም ማለት ነው።

የእኔ ቤት መስኮት አለው። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ሳሎኔ ቁጭ ካልኩ ፓርኩ ከነዛፉ ከነውሻው እጄ ላይ ነው። እዚህ አገር ሰው ጥሩ መስኮት ያለው ቤት ይከራይና መጋረጃውን ዘግቶ ቴሌቪዥን ያያል። እኔ ይሄ አይገባኝም። ልጄ «ማሚ፣ ይሄ ስፓይንግ ነው» ትለኛለች። ስለላ እኮ ደሞዝ ያለው ሥራ ነው፤ እኔ በነጻ ነው የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ ጋሽ ተፈራን አየኋቸው። ጋሽ ተፈራ እታች አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ኦፕሬሽን ከተደረገ ወዲህ ቤት ውለዋል። ከአንድ ዛፍ ጀርባ ተንበርክከዋል። ሳሩን እንደ ኬክ ቆርጠው አነሱት። እጃቸውን ሰደዱ። ከዚያ ሳሩን መልሰው ገጠሙትና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሰው የነካውም አይመስል። ክው አልኩ። ሰው ምን ቢቀብር ነው እንዲህ አሳምሮ የሚሸፍነው?

ለምን እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ስለ ጥሩነሽ ልንገራችሁ። ጥሩነሽ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጾም ጸሎቷን የማታጎድል ሴት። ልጄን ዓይን እንዳይበላብኝ ክታብ ላሰር ብዬ ባማክራት «ባዕድ አምልኮ ነው» ብላ ሳምንት ያኮረፈችኝ እሷ ናት። ጋሽ ተፈራ ጥሩነሽን ይፈልጓታል። ይሄን ሕንጻው በሙሉ ያውቃል፤ ስለነገርኩት ነው። በማግስቱ እሁድ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ የጓደኛዬ የወይዘሮ የሺ ባል ናቸው። ጥሩነሽ ደግሞ ማታ ማታ ዎክ የምታደርገው በዚያው ዛፍ ሥር ነው። አሁን ገባችሁ? መስተፋቅር ነዋ። ሰውየው ሽማግሌው እንዳያፍርባቸው መንገዷ ላይ መድኃኒት ቀበሩባት።

የሺ ጋ ደወልኩ። ለሐሜት አይደለም፣ ለምክር ነው። የሺ ግን ምክሯን ሳትነግረኝ «ቆይ መጣሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ወዴት ለመሄድ እንደቸኮለች ያኔ አልጠየቅኩም።

ከዚያ የጥሩነሽን በር መታሁ። ትጮሃለች፣ ታማትባለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ አመድ መሰለ። «የቱ ዛፍ ሥር?» አለችኝ።

«የትም ይሁን፣ አንቺ ሴት፤ ሰውየው መድኃኒት ቀበሩብሽ እኮ ነው የምልሽ።»

«የቱ ዛፍ?» አለች እንደገና፣ በእግሯ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች። «ትልቁ ነው? ያ ጥጥ የሚያዘንበው?»

ትልቁ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ነው ስላት ትንፋሿን ለቀቀች። እኔ ደግሞ አላስተዋልኩም። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያመልጠኝ ሴት አልነበርኩም፤ ድንጋጤ ሰውን ያጃጅላል።

የቤት ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ወረደች፣ እኔም ተከተልኳት። ስንደርስ ጋሽ ተፈራ ጆሯቸው ላይ ትልቅ ሄድፎን አድርገው፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር የተገጠመለት ረጅም ዘንግ ሳሩ ላይ ያወዛውዛሉ። ለካ ከመስኮት ሳይ ዛፉ ከልሎብኝ ነው። ሲያዩን ፊታቸው በራ። ሜታል ዲቴክተር ነው አሉን፤ ኤርፖርት ላይ እኛን የሚፈትሹበት ዓይነት፣ ይሄኛው መሬቱን ይፈትሻል። ሐኪሙ በየቀኑ ተራመድ ስላላቸው፣ ባዶ እጄን ከምንከራተት ብለው የድሮ ሳንቲም ፍለጋ ጀምረዋል። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረ ጊዜ ወታደሮቹ ለሽርሽር እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር አሉ፤ ወታደር ደግሞ ኪሱ ቀዳዳ ነው።

እስካሁን ምን አገኙ ብላቸው ኪሳቸውን ገለበጡልኝ። የቢራ ቆርኪ፣ የመጫወቻ መኪና፣ ከጫማቸው በዕድሜ የሚያንስ ፔኒ። ግራ ቀኝ የሚያዩትስ? ውሻ ስለሚፈሩ ነው።

ኀፍረቴን ሳልውጥ ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት። «ባለቤቴ ነገ አይሄድም» አለችኝ። «በመድኃኒት ለሚያገባ ሰው ሽማግሌ አልሆንም ብሏል፤ ለሌሎቹም ደውሎላቸዋል።» ቁርስ እንኳ ሳልበላ አንድ ትዳር አፍርሻለሁ። መልሼ እደውልልሻለሁ አልኳት፤ ምን ብዬ እንደምደውል ግን አላውቅም።

ይሄኔ ጋሽ ተፈራ ዘንጋቸውን እያወዛወዙ ወደ ትልቁ ዛፍ ማቅናታቸው ነው። ጥሩነሽ ከኋላ ከኋላቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ ጉንዳን አለ።»

«ጫማ አድርጌያለሁ፣ ጥሩዬ።»

«ፀሐዩ እኮ ከረረ። ቤት ገብተን ሻይ ላፍላልዎት።»

እኚህ ሰው ይቺን ግብዣ ሁለት ዓመት ጠብቀዋታል። ቆሙ። ዞሩ። ሲዞሩ ዘንጉም አብሮ ዞረና ማሽኑ ከዛፉ ሥር እንደ ሕፃን ጮኸ። ሄድፎኑን አውልቀው አስደመጡን። «ስሙት እስቲ፤ ይሄ ቆርኪ አይደለም» አሉ። ጥሩነሽ ዛፉን ተደገፈች።

እያቃሰቱ ተንበረከኩ። ሳሩን አነሱ፣ አፈሩን ጫሩ፣ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኗ ላይ ቀይ ወፍ አለች፣ ጥጓ ተጨፍልቋል። አፌን በእጄ ያዝኩ። ቆርቆሮዋን አውቃታለሁ፤ ጥጓን የጨፈለቅኳት እኔ ነኝ፣ መኪና ውስጥ ጥያት። ባለፈው ገና ለጥሩነሽ የሰጠኋት ናት።

ከፈቷት። ቀይና ጥቁር ክር የተጠመጠመበት ጠገራ ብር። ያቺ ወፍራም ንግሥት ያለችበት፣ የጥሩነሽ እናት ከአንገታቸው የማይለዩት የነበረው። ወደ ጥሩነሽ ዞርኩ፤ ጥሩነሽ ሰማዩን ታያለች።

ጋሽ ተፈራ እንባቸው መጣ። ገባኝ አሉ። በጃንሆይ ጊዜ አውሮፕላን ሊማር ሎውሪ የመጣ የእኛ ሰው ነው፣ ጠላት እንዳያገኝበት የቀበረው። «ከእኛ በፊት ሀበሻ እዚህ ነበረ» አሉ። የቆርቆሮዋ ቂጥ ላይ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ለምን እንደሸፈንኩት እስከዛሬ አላውቅም፤ እኔ የምገልጥ እንጂ የምሸፍን ሰው አይደለሁም።

አሁን መነሳት አለ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። መሬት ለመደገፍ ሁለት እጅ ስላስፈለጋቸው፣ ጠገራውን ወደ ጥሩነሽ ዘረጉና «እስቲ ያዢልኝ» አሉ። ልክ በዚህ ሰዓት ሁለት ፈረንጆች ከነውሻቸው እየሮጡ መጡ። ምን አዩ? አንድ ሽማግሌ ሰው ተንበርክኮ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር ለአንዲት ሴት ዘርግቶ። ፈረንጇ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ አብሯት ያለው ማጨብጨብ ጀመረ። ሳር ላይ የተኙት፣ ልጅ የሚያጫውቱት፣ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

«ያጩዋት መስሏቸው ነው» አልኳቸው። «እነሱ የሚያጩት ተንበርክከው ነው።»

ውሻው መጥቶ ሲያሸታቸው እንኳ አልሸሹም። ከዚያ ቀና ብለው «እንግዲያማ አልተሳሳቱም» አሉ። «ሽማግሌው ነገ ይነግርሻል ብዬ ነበር፣ ጥሩዬ። እኔም እዚሁ ልንገርሽ። ታገቢኛለሽ?»

ጥሩነሽ «ይነሱ ጋሼ፣ ሰው እያየን» አለች። እጇ ግን ጠገራውን ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። «ሽማግሌው ይምጣ» አለች ቀስ ብላ። ለሁለት ደግፈን አነሳናቸው።

ደረጃ ስንወጣ ክንዷን ያዝኳት። መካድ አልቻለችም። አገር ቤት ያሉ አንድ አዋቂ በስልክ አዘዙላት። የእናትሽን ጠገራ የምትፈልጊው ሰው ከሚያልፍበት ዛፍ ሥር ቅበሪ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ይለምንሻል አሏት። «እሳቸው እኮ ድሮም ይፈልጉሻል» ብላት «እኔ በምን ልወቅ፣ የነገረኝ የለም» አለች። ሕንጻውን በሙሉ ስነግር እሷን ረስቻታለሁ። ቁጭ አልኩ ደረጃው ላይ። በየትኛው ልደንግጥ? ጥሩነሽ በመቅበሯ ነው ወይስ ነገሩ በመሥራቱ?

ቤት ገብቼ፣ ቀትር ሲያልፍ የሺ ጋ ደወልኩ። ሰውየው ሳንቲም ፈላጊ ናቸው፣ ዓይኔ ነው የተሳሳተው አልኳት። ዓይኔ ተሳሳተ ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሺ አላመነችኝም። «በዚያ ፓርክ ውስጥ የተቀበረ መድኃኒት የለም?» አለች።

«የለም።»

«እስቲ ማይ።»

በእመቤቴ ስም ማልኩ። ሽማግሌዎቹም በማግስቱ ሄዱ፣ ጥሩነሽም ጠገራዋን በአዲስ ሐብል አንገቷ ላይ አድርጋ ተቀበለቻቸው፤ ጋሽ ተፈራ ላገኘው ሁሉ «ከመሬት አውጥቼ ነው የሰጠኋት» ይላሉ።

በሐሰት ማልሽ የምትሉኝ ካላችሁ ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። የማልኩት ከቀትር በኋላ፣ ጠገራው ከመሬት ከወጣ ወዲህ ነው። ኃጢአት የሚሆነው ጠዋት ቢሆን ነበር።