ቀዮን የሸጥኩ፣ ገመዷን ያስቀረሁ ዕለት

ወገን፣ የቆማችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ደገፍ በሉ። ዛሬ ጣርማ በር ላይ የደረሰብኝን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት!

ቀዮን ሸጥኳት።

አዎ፣ ቀዮን! ደብረ ብርሃን ያላችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። ያቺ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ጣልያን ሰራሽ የድሮ ስፖርት መኪና። (በዚህ ብርድ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ማን ይገዛል ያላችሁ፣ እኔ ነኛ!)

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቀዮ ያላት ወንበር ሁለት ነው። እኛ ደግሞ መንታ ወለድን።

ስለዚህ የቤተሰብ ጉዟችን እንዲህ ሆነ፦ እኔ በቀዮ ከፊት፣ ባሌና መንታዎቹ ከኋላዬ በባጃጅ። ለጥምቀት እንደዚያ ተሰልፈን ስንወጣ ሰው መዝሙሩን አቋርጦ ሳቀ።

ባሌ ጨዋ ነው። ቀዮ ጠዋት ጠዋት በብርዱ አልነሳም ስትል ዓመት ከዓመት የገፋት እሱ ነው፤ አንድ ቀን አላጉረመረመም። «በቃ እሷን ሸጠን ሁላችንንም የምትይዝ መኪና እንግዛ» ሲለኝ ምን ብዬ እምቢ ልበል?

ገዢው ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የደሴ ሰው ናቸው። ዛሬ ጠዋት መጥተው ገና ሲያዩዋት «ማሻአላህ!» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። ልጄን የምድር ነው የመሰለኝ።

ምክር ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ሲያስነሷት ቾኩን፣ ይቺን ቤንዚን የምታበዛላትን መሳቢያ፣ እስከ ጫፍ ይሳቡላት። ቤንዚኑን ደጋግመው ይርገጡላት። ከዚያ ‹ቀዮዬ› ብለው ያባብሏት።» ሰውየው ትሑት ናቸው፤ ሁሉንም እሺ አሉኝ።

እዚህ ላይ እናቴ ገባች። ለስንብቱ ብላ ከአንኮበር የመጣች ናት። ቀጥ ብላ ሄዳ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፈተችና መጎተቻ ገመዱን አውጥታ ጋቢዋ ውስጥ ሸጎጠችው!

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሰጥም! በረከቱ አብሮ ተጎትቶ ይሄዳል።»

«መኪና ናት እኮ!»

«ምን ቸገረኝ? ገመድ አላት አይደል?»

መከልከል ነበረብኝ። አልከለከልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ? ከቀዮ አንድ ነገር እቤት በመቅረቱ ደስ ብሎኛል።

ባሌ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋት፤ ተነሳች፤ ሄደች። እኔ በር ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ስጠርግ ቀረሁ።

ምሳ ሳንበላ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጣርማ በር፣ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ገደሉን ፎቶ ላንሳ ብለው ሞተሩን አጥፍተው፣ መልሰው ሊያስነሷት ቢሉ እምቢ! «እህቴ፣ ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። የሚጎትተኝ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ገመድ የላትም።»

አትፍረዱብኝ። ጨፈርኩ!

ባሌ ፊት «ውይ፣ ምስኪን» አልኩ። በልቤ ግን «ትታኝ አልሄድ አለች! የኔ ታማኝ!» እያልኩ ነው። ገመዱን ከእናቴ ቀምቼ፣ ባሌን አስከትዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ነው። ቀዮ መንገዱን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ የተሰለፉት የጭነት መኪናዎች ክላክሱን ያቀልጡታል።

«ዞር በሉ!» አልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎን አልለመደችም። የምታውቀው እኔን ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሹፌሮቹ ሁሉ ሰሙ።

ገባሁ። ቾኩን ሳብኩ። ቤንዚኑን ረገጥ ረገጥ። «ቀዮዬ፣ መጣሁልሽ።»

ዝም።

«የኔ ቆንጆ።»

ዝም!!

አንድ ሹፌር ከኋላ «እመቤቴ፣ ሰላምታው ካለቀ መንገዱን ይልቀቁልን!» ብሎ ጮኸ። ዋሻው ራሱ የሳቀብኝ መሰለኝ።

ጋሽ ሰይድ ቀረብ ብለው «እህቴ፣ እስኪ ትንሽ ትረፍ። ከዚያ ያንቺን ምክር ትቼ እንደ ልቤ ልሞክር?» አሉ።

ወረድኩ። ጠበቅን። ሰውየው ቾኩን አልነኩም። ቤንዚን ደጋግመው አልረገጡም። አላባበሏትም። «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን አዞሩት።

ቩሩሩም!

በአንድ ጊዜ! በዚያ ብርድ! ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። እኔ ገመድ ታቅፌ ጉም ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ለካ ብርዱ አይደለም! ይህን ሁሉ ዓመት ቤንዚን እየጋትኩ ያፈንኳት እኔው ነኝ!

ያን ጊዜ ከልቤ አለቀስኩ። ድምጿ እንደዚያ አምሮ ሰምቼው አላውቅማ። ገመዱን በመስኮት አቀበልኳቸው። በረከቷም አብሯት ይሂድ፤ ይገባታል። ጋሽ ሰይድ መረቁኝ፤ ከዚያ ዋሻው ዋጣቸው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከባሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮት መስኮቱን አየሁ። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል ግን ባሌ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አዲሷ መኪና ስትመጣ እኔ ነኝ የምነዳው። አንቺ ከመንታዎቹ ጋር ከኋላ ነሽ።»

በዛሬው ጉዴ ላይ ይህ ይጨመርብኝ? የሕግ ሰው የሆናችሁ ንገሩኝ፦ ለእንዲህ ያለው ፍርድ ይግባኝ የሚባለው የት ነው?